የአባቴ አይፖድ ባትሪ ደክሟል፤ ውስጡ ያለው ድምፅ ሳይጠፋ እንዴት ላስቀይረው?

የደሴዋ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ትቶልኝ ከሄደው ሁሉ የምሳሳለት አንድ አይፖድ ክላሲክ የሚባል የአፕል ሙዚቃ ማጫወቻ ነው፤ ጥቁር፣ ከጀርባው 80 ጊጋባይት የሚል የተቀረጸበት። አባቴ በወጣትነቱ የካሴት መቅጃውን ተሸክሞ በደሴ ዙሪያ ሰርግና መንዙማ ባለበት ሁሉ እየዞረ ይቀዳ ነበር። እህቴ ካሴቶቹን አሜሪካ ወስዳ ወደ ኮምፒውተር ገለበጠችና በዚህ አይፖድ ሞልታ ላከችለት። አያቴ የእንጉርጉሮ ዜማ ስታዜም የተቀዳችበት ሳይቀር አለ። ካሴቶቹ እርጥበት በላቸው፤ የእህቴም ኮምፒውተር ከተጣለ ቆይቷል። ስለዚህ ድምፁ ያለው እዚህ ብቻ ነው።

ቻርጀር ላይ ሳለ ይሠራል። ከተነቀለ ግን ሁለት ዘፈን ሳይጨርስ ይጠፋል፤ በተለይ ወደ ሌላ ዘፈን ሳልፈው ወዲያው ይጠፋል። አንድ የስልክ ጥገና ሱቅ ብወስደው «ይህ ከተከፈተ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል» ተባልኩ። እውነት ነው? ባትሪውስ ከየት ይገኛል?

ጠጋኙ

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። መርካቶ ውስጥ ስልክና ራዲዮ ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ እንደነዚህ ያሉትንም ከፍቻለሁ።

የነገሩሽ እውነት አይደለም። ዘፈኖቹ የተቀመጡት በሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ባትሪው ቢወጣና ዓመት ቢቆይ እንኳን ከዲስኩ ላይ አንዲት ድምፅ አትጠፋም። የሚያሠጋው መውደቅና መመታት ነው፤ በውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለና።

ዘፈን ስታሳልፊው የሚጠፋበት ምክንያትም ይኸው ዲስክ ነው። አይፖዱ ጥቂት ዘፈኖችን ወደ ማስታወሻው ወስዶ ዲስኩን ያሳርፈዋል። ሌላ ዘፈን ስትመርጪ ዲስኩ እንደገና መነሣት አለበት፤ ለመነሣት ደግሞ በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ይስባል። ያረጀ ባትሪ ያን መስጠት አይችልም፤ ቮልቴጁ ይወርድና ዕቃው ይጠፋል። ቻርጀር ላይ ሳለ መሥራቱ ጥርጣሬዬን ያጠናክረዋል። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማል? ካላሰማ ችግሩ የባትሪ ነው።

ማኅደር

ወዳጄ ጠጋኙ ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር አጥብቄ እለምንሻለሁ፦ ድምፁ ሌላ ቦታ ሳይገለበጥ ማንም ሰው ያንን አይፖድ እንዳይከፍተው። ባትሪው አንድ ወር ቢዘገይ ምንም አይደለም። የአያትሽ ድምፅ ግን ምትክ የለውም።

በመጀመሪያ በግድግዳ ቻርጀር ሁለት ሰዓት ያህል አቆይው፤ ከዚያ ከኮምፒውተር ጋር አገናኚው። አይቱንስ (አይፖድን የሚሞላው የአፕል ፕሮግራም) ተከፍቶ «ይህ አይፖድ ከሌላ ስብስብ ጋር የተያያዘ ነው፤ አጥፍቼ ልተካው?» የሚል ጥያቄ ካቀረበልሽ እሺ እንዳትይ። የእህትሽን ጭነት ጠራርጎ ባዶውን ይተካበታል። የተሻለው አይቱንስ የሌለበት ኮምፒውተር መጠቀም ነው።

የመሃል ቁልፉንና «ሜኑ» የሚለውን አንድ ላይ ተጭነሽ የአፕል ምልክት እስኪወጣ ያዢ። ምልክቱ እንደወጣ ወዲያው የመሃል ቁልፉንና የማጫወቻውን ቁልፍ አንድ ላይ ያዢ። አይፖዱ ራሱን እንደ ተራ ዲስክ ለኮምፒውተሩ ያሳያል። የተደበቁ አቃፊዎች እንዲታዩ አድርገሽ «አይፖድ ኮንትሮል» ወደሚለው፣ ከዚያም «ሚዩዚክ» ወደሚለው ግቢ። ኤፍ00፣ ኤፍ01 እያሉ የሚሄዱ አቃፊዎች ታገኛለሽ። የፋይሎቹ ስም ትርጉም የሌላቸው አራት ፊደላት ናቸውና አትደንግጪ፤ የዘፈኑ ትክክለኛ ስም በፋይሉ ውስጥ ተጽፏል፣ ማጫወቻ ፕሮግራም ሲከፍተው ይታያል። ሁሉንም ገልብጪ፤ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች አስቀምጪ።

የደሴዋ

እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጎረቤቴ ኮምፒውተር ላይ ሞከርኩ። ዲስክ መኖሩን አየ፤ ግን «ከመጠቀምዎ በፊት ይህን ዲስክ ፎርማት ያድርጉ» የሚል መልእክት መጣ። ጎረቤቴ እሺ ሊል ሲል እጁን ያዝኩት። ተበላሸ ማለት ነው?

ማኅደር

እጁን በመያዝሽ እንዴት ደስ እንዳለኝ! አልተበላሸም። እህትሽ የተጠቀመችው የአፕል ማክ ኮምፒውተር አይደለም? አይፖድ በማክ ከተዘጋጀ ዲስኩ የሚጻፍበት ሥርዓት ዊንዶውስ የማያውቀው ነው። ዊንዶውስ የማያውቀውን ዲስክ ሲያይ ሁልጊዜ ፎርማት አድርግ ይላል። እሺ ቢባል የፋይሎቹ ዝርዝር ይጠፋ ነበር።

ሦስት መንገድ አለሽ። ማክ ያለው ሰው ፈልጊ። ካልተገኘ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ሌላ ሥርዓት) የተጫነበት ኮምፒውተርም ያነበዋል። ሁለቱም ከሌሉ ኤችኤፍኤስ ኤክስፕሎረር የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ በዊንዶውስ ላይ ሆኖ የማክን ዲስክ ያነባል። የሚያነብ እንጂ የሚጽፍ ስላልሆነ ለአንቺ ሥራ እንዲያውም የሚመረጠው እሱ ነው።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ባትሪው እኔ ልናገር፤ ለራሴ አይፖድ ሁለት ጊዜ አዝዣለሁና። አፕል ክላሲክን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 አቁሟል፤ በ2022 ደግሞ የመጨረሻውን አይፖድ። ስለዚህ አሁን የሚሸጡት ሌሎች ፋብሪካዎች የሠሯቸው ምትኮች ናቸው፤ ጥሩም መጥፎም አለባቸው።

በስህተት ተገዝቶ እንዳይመጣ መለየት ያለብሽ ውፍረቱን ነው። ከጀርባው ኤ1238 የሚል ቁጥር ታያለሽ፤ ይህ ቁጥር ግን በቀጭኑም በወፍራሙም ክላሲክ ላይ ያለ ስለሆነ ብቻውን አይበቃም። የ2007ቱ ባለ 160 ጊጋባይት 13.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ባትሪውም ወፍራም ነው። ባለ 80፣ ባለ 120ና የ2009ኙ ባለ 160 ግን 10.5 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ የሚወስዱት ቀጭኑን ባትሪ ነው። የአንቺ ባለ 80 ስለሆነ ቀጭኑን እዘዢ። ወፍራሙ ከገባ ክዳኑ አይገጥምም፤ በግድ ከተዘጋም ባትሪው ይጨፈለቃል።

በዚያች ስስ ባትሪ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሚሊ አምፔር ሰዓት ተጽፎ ካየሽ አትመኚ። ያን ያህል ኃይል በዚያ መጠን ውስጥ አይገባም።

በሰው ካስላክሽው ደግሞ ተጓዡ በእጅ ሻንጣው ይያዘው፤ ከዕቃ ያልተገጠመ የሊቲየም ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ማስገባት በአየር መንገዶች ክልክል ነው። የብረት ጫፎቹ በፕላስተር ይሸፈኑ።

ተስፋዬ ከሐዋሳ

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? የእኔን ያበጀልኝ ልጅ የትንሽ ስልክ ባትሪ በየዳበት፤ ስድስት ወር ሠርቷል።

ጠጋኙ

ወንድሜ፣ በአንተ ዕቃ ላይ መሥራቱን አልክድም። ለእህታችን ግን አልመክረውም። ቁጥሩ ያው 3.7 ቮልት ስለሆነ ይመሳሰላል፤ ሆኖም የስልክ ባትሪ የመከላከያ ሰሌዳው ሌላ፣ ውፍረቱም ሌላ ነው። ተጨንቆ የገባ ባትሪ ሲሞቅ ያብጣል፤ ሲያብጥ ዲስኩን ይጫነዋል። ለዚሁ አይፖድ የተሠራ ባትሪ እየተገኘ ይህን አደጋ መቀበል አይገባም።

አሁን ለሚከፍተው ሰው የምለው አለ፤ አንብቢለት። በዚህ ሥራ ባትሪ መቀየሩ አምስት ደቂቃ ነው፤ የሚያስቸግረው መክፈቱ ነው። ከክላሲክ በፊት የነበረው ባለ ቪዲዮው አይፖድ ፊቱ ፕላስቲክ ስለሆነ ይታዘዛል። የክላሲክ ግን ፊቱም ጀርባውም ብረት ነው፤ ዙሪያውን በተሰለፉ ጥርሶች ተነክሶ ተይዟል። ካቻቢቴ ሰንቅሮ በአንድ ጊዜ የሚፈለቅቅ ሰው ጀርባውን ያጣምመዋል፤ የተጣመመ ጀርባ ደግሞ ተመልሶ አይገጥምም። ስስ የፕላስቲክ ካርድ ከጎን በኩል አስገብቶ አንድ ጥርስ ሲለቅ ካርዱን እዚያው ትቶ፣ በሌላ ካርድ ወደሚቀጥለው መሄድ ነው። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ይፍጅ።

ከመጀመሩ በፊት የመቆለፊያው ቁልፍ ይዘጋ፤ የባትሪው ኃይልም አልቆ ይሁን። ባዶ ባትሪ ቢጎዳ እንኳን አደጋው ያነሰ ነው።

ክዳኑ ሲለቅ ደስ ብሎት እንዳይጎትተው። ሁለቱን ግማሾች የሚያያይዙ ሁለት ሪባን የመሰሉ ስስ ገመዶች አሉ፤ አንዱ የባትሪው፣ ሌላው የጆሮ ማዳመጫው። ከተበጠሱ መቀጠል አይቻልም። የባትሪው ገመድ በሚገባበት ማገናኛ ላይ ጥቁር ወይም ቡናማ የሆነች ትንሽ መቆለፊያ አለች፤ እሷን በጥፍር ወይም በፕላስቲክ ስንጥር ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ማንሣት ነው። ብዙ አይደለም፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል። ጨርሳ እንዳትወጣ። ከዚያ ገመዱ ያለ ትግል ይወጣል። የጆሮ ማዳመጫውን ገመድ ሳይነካ አይፖዱን እንደ መጽሐፍ ዘርግቶ ማስቀመጥ ይቻላል።

ባትሪው ከጀርባው ክዳን ጋር በማጣበቂያ ተይዟል። እዚህ ላይ ነው እሳት የሚነሣው። በቢላ ወይም በካቻቢቴ ጫፍ አይፈልቀቅ፤ ሊቲየም ባትሪ ከተበሳ ይቀጣጠላል። ዙሪያውን ጥቂት ጠብታ የጽዳት አልኮል ጨምሮ ትንሽ መታገሥ፣ ከዚያ የጥርስ ክር ከሥሩ አስገብቶ እንደ መጋዝ መሳብ። እኔ ሁልጊዜ አሸዋ የሞላ ጣሳ ከጎኔ አስቀምጣለሁ።

አዲሱን ገመድ አስገብቶ መቆለፊያዋን ወደ ታች መጫን፤ ክዳኑ ሳይዘጋ አብርቶ መሞከር። ከሠራ በኋላ ብቻ ይዘጋ።

መምህር በጡረታ

ልጄ፣ እኔ ስለ ጥገና አላውቅም። አባትሽ የቀዱት ግን ለአንቺ ቤት ብቻ የሚሆን አይመስለኝም። ስትገለብጪ እያንዳንዱ ድምፅ የት፣ መቼ፣ ማን ሲያዜም እንደተቀዳ የሚያውቁ ዘመዶች በሕይወት ሳሉ ጠይቀሽ በደብተር ጻፊ። ከባቲና ከአምባሰል ቅኝት የትኛው እንደሆነ የሚለዩልሽ ሽማግሌዎችም ደሴ ውስጥ አሉ። ባትሪው ይተካል፤ እነሱ ግን አይተኩም።

የደሴዋ (ከሰባት ሳምንት በኋላ)

መምህር፣ ምክርዎን ተቀብያለሁ። ደብተሩ ተጀምሯል፤ የአባቴ ታላቅ እህት ብቻዋን ከአርባ በላይ የሚሆኑትን ለየችልኝ።

እህቴን ብጠይቃት ማክ እንደነበር አረጋገጠችልኝ። በተነገረኝ ፕሮግራም ገለበጥኩት፤ አንድ ቅጂ እኔ ዘንድ፣ ሌላው እህቴ ዘንድ ነው። ሁለት ፋይሎች ብቻ አልነበብ አሉ፤ አይፖዱን ደጋግሜ ሳገናኘው አንዱ ተነበበ። ባትሪው በአንዲት ዘመድ የእጅ ሻንጣ መጣ። ኮምቦልቻ የሚኖር የአጎቴ ልጅ የጠጋኙን ጽሑፍ ፊት ለፊቱ አድርጎ ከፈተው፤ ለመክፈት ብቻ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀበት። አሮጌው ባትሪ መሃሉ አብጦ ነበር። አንዱ የክዳኑ ጥግ አሁን በደንብ አይገጥምም፤ በቀረ ግን ይሠራል። ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ቻርጀር ሳይነካው ዘፈነልን። አዲስ ሳለ 30 ሰዓት ይጫወታል ይባል ነበር፤ ያን ባይደርስም ለእኛ ይበቃል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ያበጠውን ባትሪ የት ልጣለው? ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ነው ያለው።

ጠጋኙ

እሰይ! ባትሪውን ግን ዛሬውኑ ከወጥ ቤት አውጪው። ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍነሽ፣ ደረቅ አሸዋ ባለው ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ቅበሪው፤ ክዳኑን አጥብቀሽ አትዝጊው። ልጆች የማይደርሱበት፣ ፀሐይ የማያገኘው ደጅ ይቀመጥ። ከቆሻሻ ጋር አይጣል፤ ቆሻሻው ሲጨፈለቅ ይቀጣጠላልና። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ካለ ከነጣሳው በመኪና ላኪልኝ፤ እኔ ያገለገሉ ባትሪዎችን ከሚሰበስቡ ሰዎች ጋር እሠራለሁ። ጥጉ የማይገጥመውንም ክዳን አብረሽ ላኪው፤ ጥርሱን አቃናዋለሁ፤ ዋጋ አልጠይቅሽም።