ከልጆች ጋር የሚታይ ፊልም ለጠየቃችሁ፦ «ዘ ሩኪ»ን እዩት

ሰላም ለሁላችሁም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እህታችን «ልጆቼን አጠገቤ አስቀምጬ፣ ሪሞቱን ሳልይዝ የማየው ፊልም ጠፋኝ» ብላ ነበር። ችግሩን አውቀዋለሁ። ጥሩ ነው የተባለ ፊልም እንከፍታለን። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ «ዓይናችሁን ጨፍኑ» ማለት ይመጣል። እናቴ ከአገር ቤት ከመጣች ወዲህማ ብሶብናል። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ አምስታችንም አብረን ያየነውን ልንገራችሁ።

ፊልሙ «ዘ ሩኪ» ይባላል፤ ጀማሪ፣ አዲስ ገቢ እንደማለት ነው። ዲዝኒ በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሲሆን ዋናውን ሰው ሆኖ የሚሠራው ዴኒስ ኩዌድ ነው። ታሪኩ እውነተኛ ነው። የሆነውም እዚሁ እኛ በምንኖርበት ቴክሳስ ነው።

ከዳላስ ወደ ምዕራብ አምስት ሰዓት ገደማ ሲነዳ ቢግ ሌክ የምትባል ከተማ አለች። ነዳጅ ያሳደጋት፣ ሦስት ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ናት። ጂም ሞሪስ እዚያ የሳይንስ መምህር ነበር። በፊልሙ ኬሚስትሪ ያስተምራል፤ ከክፍል በኋላ ደግሞ የትምህርት ቤቱን የቤዝቦል (አንዱ የሚወረውረውን ኳስ ሌላው በዱላ የሚመታበት ጨዋታ) ቡድን ያሠለጥናል። ልጅ እያለ፣ በ1983 እ.ኤ.አ.፣ ሚልዋኪ ብሩወርስ የተባለው የትልቁ ሊግ ቡድን ኳስ ወርዋሪ እንዲሆን መርጦት ነበር። ክንዱ ግን እምቢ አለው። ተጎዳ፣ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ እንደገና ተጎዳ። ተወው። አገባ፣ ወለደ፣ ጠመኔ ያዘ።

የትምህርት ቤቱ ቡድን በወፏ ስም «ጉጉቶች» ይባላል። እንግሊዝኛ ስለማይገባት ለእናቴ እየተረጎምኩላት ነበር። «ጉጉት ብሎ ስም! ታዲያ እንዴት ያሸንፋሉ?» አለች። እውነትም ይሸነፋሉ። አንድ ቀን ተስፋ እንዳይቆርጡ ሲቆጣቸው ልጆቹ «አንተስ?» ይሉታል። የዲስትሪክቱን ዋንጫ ከወሰድን አንተም ሄደህ ለትልቁ ሊግ ትሞክራለህ ብለው ቃል ያስገቡታል። ወሰዱ። እሱም በ35 ዓመቱ፣ ይህ ስፖርት ሰው ጡረታ በሚያወጣበት ዕድሜ፣ ሊሞከር ሄደ።

ልጆቼ በጣም የወደዱት አንድ ቦታ አለ። ጂም ማታ ላይ የመኪና ፍጥነት በሚያሳየው የመንገድ ዳር ሰሌዳ አጠገብ ይቆምና ባለ በሌለ ኃይሉ ኳስ ይወረውራል። ሰሌዳው በሰዓት 76 ማይል ይላል። ቅር ብሎት መኪናው ውስጥ ይገባል። ከሄደ በኋላ ጉድለት ያለበት የሰሌዳው መብራት ብልጭ ይልና 7ቱ 9 ይሆናል። 96! ትንሿ ልጄ ሶፋው ላይ ቆማ «ተመለስ! ተመለስ እንጂ!» ብላ ጮኸች።

ለሙከራው ሲሄድ ደግሞ ልጆቹን የሚይዝለት ያጣል። ሦስቱንም ይዞ ይሄዳል። ወጣቶቹ ሜዳው ላይ ሲያሟሙቁ እሱ ዳይፐር ይቀይራል። ይህን እኛ እናውቀዋለን። ቤቢ ሲተር አጥቶ ልጁን ይዞ ቀጠሮ ያልሄደ ማን አለ? ከዚያ ተራው ደርሶ ሲወረውር 98 ማይል ሆነ። በኪሎ ሜትር 158 አካባቢ ነው።

ለቤተሰብ ይሆናል ወይ ለሚለው፣ አዎ፣ ሳትሰጉ ክፈቱት። በአሜሪካ የፊልም ደረጃ ጂ ነው የተሰጠው፤ ለማንኛውም ዕድሜ የተፈቀደ ማለት ነው። ስድብ የለም፣ ዓይን የሚያስጨፍን ነገር የለም፣ ደም የለም። ይልቅ ርዝመቱ ያሳስባል። ሁለት ሰዓት ከሰባት ደቂቃ ነው። አጀማመሩም ቀስ ይላል።

ከዚያ ሌላ ልታስቡበት የሚገባው አባትየው ነው። የጂም አባት የባሕር ኃይል ሰው ነው። ቤተሰቡን ከከተማ ከተማ ሲያዞር ልጁ በየሄደበት አዲስ ነው። ልጁ የሚወደውን ነገር አባቱ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ካደገ በኋላም ሁለቱ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ቃል ይቸግራቸዋል። እዚህ ላይ ቤቱ ዝም አለ። ሁለት ሥራ እየሠራን፣ በየኪራይ ቤቱ ልጅ እያዘዋወርን «ለእናንተ ብዬ ነው» የምንል ሰዎች ነን። አባቴ እኔን አንድም ቀን «ጎበዝ» ብሎኝ አያውቅም። እኔም ለልጄ እንዳልኩት እርግጠኛ አልነበርኩም።

ትልቁ ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ፊልሙ እንዳለቀ «አባዬ፣ አንተ ምን መሆን ነበር የምትፈልገው?» አለኝ። «የምፈልገውንማ ሆኜ ነበር። ደሴ ሰባት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬያለሁ» አልኩት። አያውቅም ነበር። የሚያውቀኝ መጋዘን ውስጥ ሌሊት እንደምሠራ ነው። ይህን ሳልነግረው ቀርቼ ነው እንጂ ደብቄው አይደለም። ከሻንጣ ውስጥ አንድ ፎቶ አወጣሁለት። ነጭ ጋዋን ለብሼ ቆሜያለሁ፣ እጅጌዬ ጠመኔ ነው። ከኋላዬ ጥቁር ሰሌዳው ላይ እኩልታ ተጽፏል። ልጄ ፎቶውን ወደ መብራቱ አስጠግቶ አየና «ይሄን እኮ ዘንድሮ ተምረነዋል!» አለ። ከዚያ ደብተሩን አመጣ። እስከ አምስት ሰዓት ድረስ እኩልታ ስናመጣጥን አመሸን።

—

አንድ ወንድም እንዲህ ብሎ መልሷል፦ «ጋሼ፣ ጽሑፍህ ደስ ይላል። ግን እነዚህ ፊልሞች ልጆቻችንን በኳስ ህልም ከትምህርት አያናጥቡብንም ወይ?»

ወንድሜ፣ ስጋትህ ይገባኛል። ግን ሰውየው ኳስ ስላልሆነለት ተምሮ መምህር የሆነ ሰው ነው። ፊልሙም ገንዘቡን አይሸሽግም። ሙከራውን አልፎ መጀመሪያ በተመደበበት በታችኛው ሊግ ደመወዙ ትንሽ ነው። ቤት የቀረችው ሚስቱ ቢል ትቆጥራለች። እሱ ከስልክ ማዶ ሆኖ ልተወው ይላታል። ቀድሞ የተቃወመችው እሷ ነበረች፤ አሁን ግን አትፈቅድለትም። ገና ከመሄዱ በፊት ሐሳቧን ያስቀየራት የስምንት ዓመት ልጃቸው ነበር። አባቱ ሲሞክር ሜዳ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ለዋለው ልጅ ምን እንለዋለን ነበር ያለችው።

መጨረሻውንም ለልጆቼ ሳልጨምር ነገርኳቸው። መስከረም 18 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. ለትልቁ ሊግ ቡድን ለታምፓ ቤይ ተሰልፎ፣ እዚሁ አጠገባችን አርሊንግተን ከተማ፣ በቴክሳስ ሬንጀርስ ቡድን ሜዳ ገባ። የመጀመሪያውን መቺ በአራት ኳስ አስወጣው። ያንን ጨምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ የተሰለፈው በጠቅላላው 21 ጨዋታ ብቻ ነው። ክንዱ እንደገና ታመመና አቆመ። ልጄ «21 ብቻ?» አለ። እናቴ ናት የመለሰችለት፦ «ሃያ አንዱን ማን ሰጠው ታዲያ?»

የዱሮው ሜዳ ዛሬም ቆሟል። ሬንጀርስ በ2020 እ.ኤ.አ. ወደ አዲሱ፣ ጣሪያ ወዳለው ስታዲየም ስለተዛወረ፣ አሁን ሌላ ስፖርት ይካሄድበታል። በሚቀጥለው የዕረፍት ቀኔ ልጆቹን ወስጄ ላሳያቸው ነው።

—

ከሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት እህት፦ «የኔዎቹ ስድስትና ዘጠኝ ናቸው። ቤዝቦል አናውቅም፣ እኔም ጭራሽ። ይገባናል?»

ይገባችኋል እህቴ። ይህችን ብቻ ንገሪያቸው። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ሊመታ ይሞክራል። ሦስት ጊዜ ከሳተ ወጣ። በመካከላቸው አሥራ ስምንት ሜትር ከትንሽ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ኳሱ በፈጠነ ቁጥር መቺው የሚያስብበት ጊዜ ያጣል። ሰውየው ስንት ማይል ወረወረ እያሉ የሚጨነቁት ለዚህ ነው።

ለስድስት ዓመቱ በአንድ ማታ ይበዛበታል። ከሙከራው በፊት አቁሚና ቀሪውን እሁድ ጨርሱት። መንገድ ዳር ቆሞ ሲወረውር ግን ቀድመሽ ምንም እንዳትነግሪያቸው። ሰሌዳውን ራሳቸው ይዩት።