ሲዚየም (ከኑክሌር አደጋ የሚወጣ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር) ከግጦሽ ሣር ወደ ወተት የሚገባው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ላሞቻችን ሜዳ ላይ ነው የሚውሉት። እንደ ቼርኖቤሉ (እ.ኤ.አ. 1986) ዓይነት የኑክሌር ጣቢያ አደጋ ቢከሰት ብክለቱ ወተት ውስጥ የሚደርሰው በምን መንገድ ነው?

መልስ 1፦ ብክለቱ መጀመሪያ ከዝናብ ጋር ወርዶ ቅጠል ላይ ያርፋል። ላም በቀን ብዙ ሣር ስለምትበላ የሰፊ መሬት ብክለት ሰብስባ ትገባለች። አዮዲን-131 የተባለው ሌላው ጨረር አመንጪ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወተት ላይ ጣሪያ ይነካል፤ ግን በየ8 ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል። ሲዚየም-137 ግን በግማሽ ለመቀነስ 30 ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ የሣሩ ሥር እንደ ፖታሲየም ቆጥሮ ይስበዋል። ሸክላማ አፈር አጥብቆ ይይዘዋል፣ ብስባሽ የበዛበት አሲዳማ አፈር ይለቀዋል።

መልስ 2፦ አፈሩንም አትርሱ! በበጋ ሣሩ ሲያጥር ከነአፈሩ ነው የሚነጩት። ከአደጋው በፊት የታጨደ ድርቆሽ ካለ በረት አስገብቶ እሱን መቀለብ ይቀድማል።

መልስ 3፦ ለእንስሳት የተዘጋጀ ፕሩሺያን ብሉ (ሰማያዊ ኬሚካል) ለአንድ ላም በቀን 3 ግራም ገደማ ከፉርሽካ ጋር ቢሰጥ ሲዚየሙን አንጀት ውስጥ ይዞ በእበት ያስወጣዋል። ስትሮንቲየም የተባለውን ሌላ ጨረር አመንጪ ግን አይነካም፤ እሱ እንደ ካልሲየም አጥንትና ወተት ውስጥ ይገባል። ወተቱ ሲናጥ ደግሞ ሲዚየሙ በአብዛኛው አሬራው ውስጥ ይቀራል፣ ቅቤው የሚይዘው ጥቂት ነው። ስለዚህ አሬራውን ለጥጃ መስጠት ሲዚየሙን ወደ ጥጃው ማሻገር ነው።