«ጭረት የፈራ ካሲዮ ይሰር» ማለት ምን ማለት ነው?

የካዛንቺስ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ጠላቂው የሮሌክስ ሰዓቱን፣ የሰብማሪነሩን ፎቶ ለጥፎ የጻፈውን አይቼ ደሜ ፈላ። ላላያችሁት፦ የሰንሰለቱ መቆለፊያ ላይ አንድ ጤነኛ ቦታ የለም። የሰዓቱ ጎን ላይ ደግሞ ጥፍር የሚይዝ ጭረት አለ። ከሥሩ እንዲህ ብሏል፦ «በየቀኑ አደርገዋለሁ። ስተኛም አላወልቀውም። ፖሊሽም አላስመታውም። ጭረት የፈራ ካሲዮ ይሰር።» ግማሹ ግሩፕ ልብ ሰጥቶታል።

እኔ የምለው፣ ወደ 10 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ዕቃ ማበላሸት ከመቼ ወዲህ ነው ጀግንነት የሆነው? አለመጠንቀቅ ነው። በቃ። ፍልስፍና አታድርጉብን።

ጠላቂው
ወንድሜ፣ ሙድ አትያዝብኝ። ሰብማሪነር በ1953 የወጣው ለጠላቂ ነው፣ ሳጥን ውስጥ ለሚተኛ አይደለም። ሮሌክስ ውሃ የማያስገባውን ኦይስተርን በ1926 ሠራ። በዓመቱ አንዲት እንግሊዛዊት ዋናተኛ አንገቷ ላይ አንጠልጥላው በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለው ባሕር፣ ኢንግሊሽ ቻናል ገባች። ብርዱ በርትቶባት ዋናውን አልጨረሰችም። ሰዓቱ ግን እየሠራ ወጣ። የዚህ ዕቃ ታሪክ እንዲህ ነው። አንተ በጥጥ ጠቅልለህ ታስቀምጠዋለህ።

የካዛንቺስ ልጅ
አንተ ምን ውስጥ ነው የምትጠልቀው? ራስህ ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ቢሮ ውስጥ እንደምትሠራ ነግረኸናል። ያ ጭረት የውቅያኖስ ሳይሆን የላፕቶፕ ነው።

ሚስተር ሙድ
ሃሃሃሃ። ኦክስጅን ይዘህ ነው እንዴ ኤክሴል የምትከፍተው?

ኤፍ 91
ቆይ ቆይ። እኔ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ካሲዮ ምን አደረጋችሁ? «ጭረት የፈራ ካሲዮ ይሰር» ሲባል ሁላችሁም ዝም አላችሁ። የካሲዮን ጂ ሾክ የሠራው ጃፓናዊ የሙከራ ሰዓቶቹን ከሕንፃ መስኮት ወደ መሬት እየጣለ ነው የሞከረው። ከ10 ሜትር ወድቆ እንዳይሰበር፣ 10 ባር የውሃ ግፊት እንዲችል፣ ባትሪው 10 ዓመት እንዲቆይ ፈልጎ። በ1983 ወጣ። ታዲያ ካሲዮ የፈሪ ነው ወይስ የጀግና?

ጠላቂው
ካሲዮን አልተሳደብኩም። ርካሽ ስለሆነ ቢጫርም አያሳዝንም ማለቴ ነው።

ኤፍ 91
«ርካሽ» አለ! አያችሁ አይደል? መጀመሪያ ፈሪ፣ አሁን ርካሽ። ነገ ደግሞ ፋራ ትለኛለህ።

ጋሼ መፍቻ
ልጆች፣ እንደምን አላችሁ። ሰዓት ስፈታ ስገጥም ነው ያረጀሁት። የምታወሩትን ነገር ሳትለዩ እየተጣላችሁ ነው።

ብረቱና መስታወቱ አንድ አይደሉም። መስታወቱ ሰንፔር ነው። በሞስ የጥንካሬ ልኬት 9 ነው። አልማዝ ብቻ ነው የሚበልጠው፣ እሱ 10 ነው። አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ አሸዋ 7 ነው። ብረቱ ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባ አቧራ እጅጌህ ሥር ገብቶ ብረቱን ቀስ እያለ ይፍቀዋል፤ መስታወቱን አይነካውም። የኩሽና ግራናይትም እንዲሁ ነው። እብነ በረድ ግን ለስላሳ ነው፣ ምንም አያደርግህም።

ሮሌክስ 904ኤል ብረት ነው የሚጠቀመው እያላችሁ የምትኮሩም አላችሁ። 904ኤል ዝገትን በመቋቋም ነው የሚበልጠው። ጭረት ላይ እንደ ሌላው ነው። በየቀኑ አድርጎት ያልተጫረ የብረት ሰዓት አላየሁም።

ጠላቂው
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ሰማህ የካዛንቺስ ልጅ? የማይቀር ነገር ነው ተባልክ።

የካዛንቺስ ልጅ
ጋሼ መጫሩ አይቀርም አሉ እንጂ ተኛበት አላሉም። ሽበትም አይቀርም፤ ግን ማን ነው ሽበቱን ፎቶ አንስቶ «ሽበት የፈራ» እያለ የሚለጥፈው?

ሚስተር ሙድ
ብዙ ሰው ይለጥፋል እኮ። ቲክቶክ ግባ።

ዱባይ በረራ
እኔ በገንዘብ ላናግራችሁ። ዱባይ ዴይራ ገበያ ያገለገለ ሰዓት ይዘህ ስትገባ ነጋዴው መጀመሪያ አጉሊ መነጽሩን ያወጣል። ሰንሰለቱ የሚያያዝበትን ጠርዝ ያያል። ጠርዙ ስል ከሆነ ዋጋ ይሰጥሃል። ከዶለዶመ «ፖሊሽ የተመታ ነው» ብሎ ይቀንስብሃል። ጭረት ቢኖርበት ይታገስሃል። ምንም ያልተደረገ፣ ካርዱና ሳጥኑ ያለው ከሆነ ደግሞ ወንበር ያቀርብልሃል። ጠላቂው ፖሊሽ ባለማስመታቱ ትክክል ነው። በየቀኑ በማድረጉ ገንዘቡን እየበተነ ነው።

ጠላቂው
የገዛሁት ልሸጠው አይደለም!

ዱባይ በረራ
ሁሉም ሲገዛ እንደዚያ ነው የሚለው።

ጋሼ መፍቻ
ስለ ፖሊሹ የተናገረው እውነት ነው። ፖሊሽ ጭረቱን ደብቆ አያጠፋውም። ጭረቱ ጋ እስኪደርስ ድረስ ዙሪያውን ያለውን ብረት ነው የሚያነሳው። የተነሳው አይመለስም። ጎኑ የሚያብለጨልጭ፣ ላዩ ደብዘዝ ያለ ሰዓት ስታዩ በሁለቱ መካከል ጥርት ያለ መስመር አለ። ጥንቃቄ የሌለው ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ከመታው መስመሩ ይጠፋል። ሰዓቱ ክብ ክብ ይላል። በጣም የሚያናድደኝ እሱ ነው። ጭረት አያናድደኝም።

ለንደኗ
ጋሼ፣ አሁን በሌዘር ብረት ጨምረው ጠርዙን እንደገና ያወጡታል እኮ። እዚህ የሚሠሩ አሉ።

ጋሼ መፍቻ
አለ፣ ልጄ። ጥሩ እጅ ያለው ከሠራው ያምራል። ግን ውድ ነው፤ ሰብሳቢውም ካወቀ ፊቱን ያዞራል።

ጠላቂው
ጭረት ዋጋ ያሳጣል ለምትሉ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የፊልም ተዋናዩ የፖል ኒውማን ሮሌክስ ዴይቶና። ሚስቱ ሰጠችው። ከጀርባው «ተጠንቅቀህ ንዳ» ብላ አስቀርጻለች። ለዓመታት አደረገው። በኋላ ለልጁ ጓደኛ ዝም ብሎ ሰጠው። በ2017 ኒው ዮርክ ላይ በ17.75 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሳጥን ውስጥ ቢያስቀምጠው ኖሮ ማን ያውቀው ነበር?

የካዛንቺስ ልጅ
ገዢው የከፈለው ለፖል ኒውማን ነው። አንተ ፖል ኒውማን ነህ? ያንተ ጭረት ለታሪክ ምን ይጠቅማል? «ይህ ጭረት ከኮስኮ ሱቅ ጋሪ የመጣ ነው» ብለህ የምስክር ወረቀት ልትሰጥ ነው?

ሚስተር ሙድ
ኧረ በማርያም በቃ፣ ሆዴን አመመኝ።

የካዛንቺስ ልጅ
ታሪክ ከተነሳ እኔም አለኝ። ጃጀር ለኩልትር ሪቨርሶ፣ 1931። ሕንድ ያሉ የእንግሊዝ መኮንኖች ፖሎ ሲጫወቱ መስታወቱ እየተሰበረ አስቸገራቸው። መፍትሔው ምን ሆነ? የሚገለበጥ ሰዓት! ፊቱ ወደ ውስጥ፣ ብረቱ ወደ ውጭ። ሰዓት ሠሪዎቹ ራሳቸው ዕቃ እንዳይጎዳ ተጨንቀው ነው የፈጠሩት። «ጭረት የፈራ ካሲዮ ይሰር» አላሉም።

ጠላቂው
ራስህ መለስከው እኮ። ሰውዬው ፖሎ ሜዳ ይዞት ነው የሄደው። ቤት ትቶት አልሄደም።

የካዛንቺስ ልጅ
አዎ። ግን ገለበጠው!

ጠላቂው
ግን አደረገው!

ለንደኗ
እናንተ ስለ ጭረት ትጣላላችሁ፣ እኔ ለእጄ ነው የምፈራው። እዚህ ሮሌክስ አድርገሽ ማታ ሶሆ ብትወጪ ሰዓቱ ሲፈለግ አንቺም ትፈለጊያለሽ። በቀን እንኳ እጅጌዬን አውርጄ ነው ባቡር የምገባው። በየቀኑ ማድረግ የምትሉት ነገር እንደ አገሩ ነው።

ደግሞ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥን አትናቁ። አባቴ የጃንሆይ ዘመን ኦሜጋ ነበረው። ለሰርግና ለጥምቀት ብቻ ነበር የሚያወጣው። በመሐረብ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ያኖረው ነበር። ሲያርፍ ንጹሕ ሆኖ አገኘነው። ሸጥነው። የታናሽ ወንድሜን የኮሌጅ ክፍያ ሸፈነልን። ተጭሮ ቢሆን ማን ይገዛን ነበር?

ጠላቂው
ነፍሱን ይማር። ግን አባትሽ ዕድሜ ልኩን ጠብቆ ጠብቆ ለሌላ ሰው አሠረው ማለት ነው። ትንሽ አያሳዝንም?

ለንደኗ
ምን አልክ?

ኤፍ 91
ወይ ጉድ። ይኼ ሰው ዛሬ የማይነካው የለም። ካሲዮ፣ አሁን ደግሞ የሰው አባት።

ለንደኗ
የአባቴን ነገር አንተ አትተነትነውም። ከማን እጅ ለማን እጅ እንደገባ እናውቃለን። አምስት ልጅ ያሳደገ ሰው ሰዓቱን ሲያቅፍ እንዲያድር ነው የምትፈልገው?

ጠላቂው
ክፉ አስቤ አይደለም እህቴ። የኛን ሰው ጠባይ ነው የምናገረው። ሪሞት ኮንትሮሉን እስኪሞት ድረስ በፕላስቲክ ጠቅልሎ የሚኖር ሕዝብ ነን። ቁልፉ አይታይም፣ ድምፅ መጨመሪያውን በዳሰሳ ነው የምንፈልገው። ሪሞቱ ግን አዲስ ነው!

የካዛንቺስ ልጅ
ያ ፕላስቲክ ወጥ በነካ እጅ ስለሚያዝ ነው። እናቴን አትንካ።

ሚስተር ሙድ
ስለ እናትህ ማን አወራ? አሁን ገና አወቅን የማን ሪሞት እንደሆነ።

ዱባይ በረራ
ከመለያየታችን በፊት አንድ ነገር። ፎቶው ላይ ሰዓቱ 3 ይላል። ጠላቂው፣ በኛ ነው የሞላኸው ወይስ በፈረንጅ?

ጠላቂው
በዲሲ ሰዓት ነው። አገር ቤት ስደውል አንድ እጨምራለሁ። እዚህ እኩለ ቀን 12 ሲሆን አዲስ አበባ ማታ 1 ሰዓት ነው። ኖቬምበር ላይ የፈረንጁ ሰዓት ሲቀየር ሁለት እጨምራለሁ።

ዱባይ በረራ
እሱን ለማወቅ የሁለት አገር ሰዓት የሚያሳየውን የሮሌክስ ጂኤምቲ ማስተር መግዛት ነበረብህ። በየክፍለ ዓለሙ ለሚበርሩ ፓይለቶች ነው የተሠራው። ልክ ለስደተኛ።

ጠላቂው
በወኪል ተራ ጠብቄ ይኼንን ያገኘሁት በስንት መከራ ነው።

ኤፍ 91
የኔ ካሲዮ ሁለተኛ ሰዓት አለው። ተራም አልጠበቅኩም። ዝም ብዬ ነው።

ጋሼ መፍቻ
ኤፍ 91፣ አንተን የሚያስደስት አንድ ነገር ልጨምር። ናሳ በ1965 ፈትኖ የመረጠው ኦሜጋ ስፒድማስተር መስታወቱ ፕላስቲክ ነው። በቀላሉ ይጫራል። ግን አይበታተንም። መንኮራኩር ውስጥ የመስታወት ስብርባሪ ቢንሳፈፍ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ሳንባ ውስጥ ይገባል። የሚጫረውን ወደው ነው የያዙት። ጭረቱን እኔ በትንሽ ለስላሳ ቅባትና በጨርቅ አጠፋዋለሁ፣ ደቂቃ አይፈጅም። ሰንፔር ግን ጠርዙ ላይ ከተመታ ይሸረፋል። ያኔ መቀየር ብቻ ነው። መስታወቱ ዙሪያ ያለው አዲሱ የሴራሚክ ቀለበትም እንደዚያው ነው፤ አይጫርም፣ ከወደቀ ግን ይሰነጠቃል።

ኤፍ 91
ጋሼ ይኑሩልኝ። ፕላስቲክ አሸነፈ።

ጋሼ መፍቻ
አሁን እኔ ጥያቄ አለኝ። ጠላቂው፣ ሰዓቱን አድርገህ ትዋኛለህ?

ጠላቂው
አዎን ጋሼ። በየሳምንቱ። ሻወርም አላወልቀውም። ለዚህ ነው የተሠራው።

ጋሼ መፍቻ
የውሃ ጎማው መቼ ተፈተሸ?

ጠላቂው
የምን ጎማ?

ሚስተር ሙድ
ኦ ኦ።

ጋሼ መፍቻ
መሞያው ውስጥ፣ ማለትም ጎኑ ላይ የምታዞረው ቁልፍ ውስጥ፣ እና ከጀርባ ክዳኑ ሥር ቀጫጭን ጎማዎች አሉ። ውሃውን የሚከለክሉት እነሱ ናቸው እንጂ ስሙ አይደለም። የሻወር ሙቀትና ሳሙና ያደርቃቸዋል። መሞያውን በደንብ ካላጠበቅኸው ደግሞ ጎማውም አያድንህም። ውሃ የምትገባ ከሆነ በየዓመቱ በግፊት ማስፈተሽ አለብህ። እኔ ጋ ከሚመጡት ያዘንኩባቸው ላያቸው ንጹሕ ሆኖ ውስጣቸው የዛገ ናቸው።

የካዛንቺስ ልጅ
አያችሁ! አለመጠንቀቅ ነው አላልኩም?

ጋሼ መፍቻ
ያንተስ ሳጥን ውስጥ ያለው መቼ ተከፈተ?

የካዛንቺስ ልጅ
እኔማ አላደርገውም፣ ምን ይሆናል?

ጋሼ መፍቻ
ጎማው ቁጭ ብሎም ያረጃል። ዘይቱም እንዲሁ። «አላደርገውም» ማለት «አያረጅም» ማለት አይደለም።

ሚስተር ሙድ
ጋሼ ሁለቱንም በአንድ ድንጋይ።

የካዛንቺስ ልጅ
እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ የጻፍኩት ስለ ውጪው ነው።

ዱባይ በረራ
ሁለታችሁም ሰርቪስ ስትልኩ «ፖሊሽ አትምቱብኝ» ብላችሁ በጽሑፍ አስገቡ። ካልነገራችኋቸው ብዙ ጊዜ አጽድተው አሳምረው ነው የሚመልሱላችሁ። ከዚያ በኋላ ማልቀስ የለም።

ለንደኗ
ጠላቂው አሁንም ይቅርታ አልጠየቀኝም።

ጠላቂው
ክፉ አላሰብኩም አልኩ እኮ። ጋሼ፣ በውስጥ መስመር ልጻፍልዎት?

ጋሼ መፍቻ
እዚሁ ጻፍ። ከመስታወቱ ሥር ጭጋግ አይተህ ታውቃለህ?

ጠላቂው
አንዳንዴ። ጠዋት ጠዋት።