ከወዳጅ ቴሌግራም የመጣ «ድምፅ ስጪልኝ» የሚል መልእክት፦ ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ ከዕድር ጓደኛቸው የቴሌግራም አካውንት «የልጅ ልጄ የሥዕል ውድድር ላይ ናት፤ በዚህ ሊንክ ገብተሽ ድምፅ ስጪልኝ» የሚል መልእክት ለአክስቴ ደረሳቸው። ሊንኩ ስልክ ቁጥራቸውን፣ ቀጥሎም ቴሌግራም የላከላቸውን ባለ አምስት አሃዝ ኮድ ሲጠይቃቸው አስገቡ። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ በስማቸው «በጣም ቸግሮኛል፣ ማታ እመልሳለሁ» እየተባለ ዘመዶቻችን በአንድ የቴሌብር ቁጥር ገንዘብ እንዲልኩ እየተጠየቁ ነው። ቴሌግራሙ በስልካቸው ላይ አሁንም ይከፈታል። ምን ብናደርግ ይሻላል?

መልስ 1፦ አይዟችሁ፣ ከስልካቸው ካልወጣ ጊዜ አላችሁ። ቴሌግራም አዲስ የገባ ስልክ ቀድሞ የነበረውን እስከ 24 ሰዓት ድረስ እንዲያስወጣ ስለማይፈቅድ፣ ለዛሬ ሥልጣኑ በአክስትዎ እጅ ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ዲቫይስስ የሚለውን ከፍተው፣ ከእሳቸው ስልክ በቀር ሌላውን ሁሉ የሚያስወጣውን ቀዩን ጽሑፍ ይጫኑ። ወዲያው ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ገብተው የይለፍ ቃል ያብጁ፤ ከዚያ በኋላ ኮዱ ብቻውን ለማንም አይበቃም። ሌባው ቀድሞ የራሱን የይለፍ ቃል አበጅቶ ከሆነ ግን አፑን እንዳያጠፉት ወይም ሎግ አውት እንዳይሉ አደራ፣ ተመልሶ ለመግባት የእሱ የይለፍ ቃል ይጠየቃልና።

መልስ 2፦ ዘመድን በቴሌግራም ሳይሆን በስልክ ደውላችሁ አስጠንቅቁ፤ ሌባው የምትጽፉትን ያነባል፣ ያጠፋልም። ከድሮ ንግግራቸው ውስጥ የአክስትዎን የድምፅ መልእክት አውጥቶ መልሶ ሊልክ ስለሚችል፣ ድምፃቸውን መስማት ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ቴሌብር ከመላክ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳያል፤ ስሙ የሌላ ሰው ከሆነ፣ «የጎረቤቴ ቁጥር ነው» ቢባልም እንኳ፣ ሳይደውሉ መላክ አይገባም።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልን። የማናውቀው ስልክ ዝርዝሩ ውስጥ ተገኝቶ አስወጥተነዋል። ሆኖም የአጎቴ ልጅ ቀደም ብሎ 3,000 ብር ልኳል።

መልስ 3፦ አሁኑኑ ወደ ቴሌብር የደንበኞች አገልግሎት 127 ደውሎ ያሳውቅ፤ ገንዘቡ ወጪ ከተደረገ ማስመለሱ እጅግ ይከብዳል። የግብይት ቁጥሩ ያለበትን አጭር መልእክትና የንግግሩን ስክሪንሾት ይዞ ወደ ፖሊስ ይሂድ፤ በኮምፒውተር የሚፈጸም ማታለል በአዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። መልእክቱ ለአክስትዎ የመጣው ከዕድር ጓደኛቸው አካውንት በመሆኑ የእሳቸውም ተጠልፏል ማለት ነውና፣ ዛሬውኑ ደውላችሁ በመልስ 1 የተባለውን እንዲያደርጉ እርዷቸው፤ ለዕድሩ አባላትም በሙሉ ይነገራቸው።