የሌዘርን መግነጢሳዊ መስክ ከኤሌክትሪኩ እንዴት ልለየው?

ሌዘሩ 1064 ናኖሜትር ነው፤ በአንድ ምት 100 ሚሊጁል፣ የምቱ ርዝመት 10 ናኖሰከንድ። ጨረሩ ወደ 10 ማይክሮሜትር ሬዲየስ ሲሰበሰብ በስሌት የኤሌክትሪክ መስኩ ጫፍ 7 ጊጋቮልት በሜትር ገደማ ይደርሳል። ይህን ለብርሃን ፍጥነት ሳካፍለው 23 ቴስላ! በጣም የሚያጓጓ ቁጥር ነው።

ግን መስኩ በሰከንድ 282 ትሪሊዮን ዑደት ስለሚገለባበጥ አማካዩ ዜሮ ነው፤ የሆል ሴንሰርም (የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ) ሆነ የሽቦ ጥቅል አያነበውም። እዚያ ሳይደረስም አየሩ ፕላዝማ (ኤሌክትሮኖቹ የተላቀቁበት ጋዝ) ይሆናል። ጉልበት መጨመር አይረዳም፣ ሁለቱ መስኮች እኩል ያድጋሉና።

ስለዚህ ወደ ደካማ የ527 ናኖሜትር ጨረር ዞርኩ። ፖላራይዜሽኑ (የኤሌክትሪክ መስኩ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ) የጨረሩን መሃል ዙሪያውን የሚከብ ስለሆነ መሃሉ ላይ የኤሌክትሪክ መስክ የለም፤ መግነጢሳዊው ግን በጨረሩ አቅጣጫ ይቀራል። ናሙናው ሦስት ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ዩሮፒየም (ብርቅዬ የምድር ብረት) ነው፤ በዚህ ቀለም የሚነቃቃው በመግነጢሳዊ መስክ ነው።

የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው፦ ጨለማ መሆን የነበረበት መሃል ይደበዝዛል እንጂ አይጨልምም። ጥፋቱ የፖላራይዜሽን መቀየሪያው ከጨረሩ መሃል መዛነፉ ነው ወይስ የሌንሱ አስቲግማቲዝም (በሁለት አቅጣጫ የተለያየ ቦታ ላይ መሰብሰቡ)? ሁለቱን በምን ሙከራ ልለያቸው? የናሙናው ቅንጣትስ ምን ያህል ማነስ አለበት? እባካችሁ የሠራችሁበት አግዙኝ።