ልጄ መዳኽ ከጀመረች ወዲህ መውደቋ በዛ፤ የትኛው አወዳደቅ ነው የሚያሰጋው?

ጥያቄ፦ አዲስ እናት (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያ ልጄ ዘጠኝ ወር ሆኗታል። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ በእንብርክኳ እየዳኸች ቤቱን ታካልላለች፤ ሰሞኑን ደግሞ የሶፋውን ጠርዝ ይዛ ብድግ ማለት ጀምራለች። እጇን ለአፍታ ስትለቅ «ወፌ ቆመች» ብለን ሳንጨርስ ወይ በቂጧ ትቀመጣለች፣ ወይ ወደ ፊት ትደፋና ግንባሯን ከጠረጴዛው እግር ጋር ታጋጫለች። አንዱ እብጠት ሳይጠፋ ሌላው ይወጣል። አማቴ ልጅ በዚህ ዕድሜዋ ወለል ላይ መለቀቅ የለባትም፣ አዝለሻት ዋዪ ይሉኛል። የባለቤቴ እህት በበኩሏ ከዱባይ ባለ ጎማ ዎከር ልካልናለች። ቀን ቀን ብቻዬን ስለሆንኩ ምግብ እያበሰልኩ እሷን መከተል አልቻልኩም። ሐኪም ዘንድ የሚያስኬደው የትኛው አወዳደቅ እንደሆነና ዎከሩን ልጠቀምበት ይገባኝ እንደሆነ የምታውቁ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ፦ የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ነርስ

በዚህ ዕድሜ የልጅ ጭንቅላት ከሌላው አካሏ ጋር ሲነጻጸር ትልቅና ከባድ ስለሆነ ሚዛኗን ስትስት ቀድሞ የሚያርፈው እሱ ነው። ግንባር ላይ ደግሞ ቆዳው ከአጥንቱ ጋር የተቀራረበና ብዙ የደም ሥር ያለው በመሆኑ፣ ቀላል ግጭት እንኳ በደቂቃዎች ውስጥ ጎልቶ ያብጣል። ስለዚህ የግንባር እብጠት ትልቅ መሆኑ ብቻውን ጉዳቱ ከባድ ነው ማለት አይደለም። እኛ ይበልጥ የምንሰጋው ከጆሮ በላይ ወይም በኋላ በኩል ለሚወጣ፣ በተለይም ሲዳሰስ ልል ለሆነ እብጠት ነው። ከፍታውም ይታያል፤ ዕድሜዋ ከ2 ዓመት በታች የሆነች ልጅ ከ90 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ቦታ፣ ወይም ከደረጃ ላይ ከወደቀች፣ ምንም ምልክት ባያዩባትም ሐኪም ቢያያት ይመረጣል። ቆማ ሳለች ጠፍጣፋ ወለል ላይ ብትወድቅና ወዲያው አልቅሳ፣ ሲያባብሏት ዝም ብላ ወደ ጨዋታዋ ከተመለሰች ግን እቤት መከታተል ይበቃል።

ከወደቀች በኋላ ለአጭር ጊዜም ቢሆን ራሷን ከሳተች፣ ደጋግማ ካስመለሳት፣ ሰውነቷ ከተንቀጠቀጠ፣ ከአፍንጫዋ ወይም ከጆሮዋ ደም ወይም ውሃ መሳይ ፈሳሽ ከወጣ፣ የዓይኗ ብሌኖች መጠናቸው ከተለያየ፣ እርግብግቢቷ ሳታለቅስም ካበጠ፣ አንድ እጇን ወይም እግሯን ማንቀሳቀስ እምቢ ካለች ወይም በምንም ሊያባብሏት ካልቻሉ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ ግድግዳ ላይ ቢለጥፉት መልካም ነው።

እብጠቱ ላይ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ወይም በረዶ የተጠቀለለበት ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያህል ያሳርፉበት። በረዶው ቆዳዋን በቀጥታ እንዳይነካ፣ በቅቤ ማሸቱም እንዲቀር አደራ እላለሁ፤ ማሸት ከቆዳ ሥር ያለውን መድማት ሊያባብሰው ይችላል።

መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት (ኮንዶሚኒየም ነዋሪ)

እህቴ፣ ሁሉንም አወዳደቅ ልትከላከዪ አትችዪም፤ አያስፈልግሽምም። አማትሽ በፍቅር እንደሚናገሩ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ልጅ መቆምን የምትማረው እየወደቀች ነው። እኔ ሐሳቤን ሁሉ የማሳርፈው ጠባሳ ወይም ሞት በሚያመጡት ነገሮች ላይ ነው።

አንደኛው ቡና ነው። ረከቦቱ፣ ጀበናውና ፍሙ ሁሉም የሚቀመጡት ልክ በዳኺ ልጅ እጅ ቁመት ነው፤ እኛም ከእንግዳ ጋር በጨዋታ ተጠምደን ዓይናችን ከልጅ ላይ የሚነሣው ያኔ ነው። ቡና በሚፈላበት ሰዓት ልጅቷ በሌላ ሰው እቅፍ ወይም በጀርባ ላይ ትሁን፤ የአማትሽ ምክር ትክክለኛ ቦታው እዚህ ላይ ነው። ድንገት ብትቃጠል የቧንቧ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል አፍስሺበት እንጂ የጥርስ ሳሙናም ሆነ እንቁላል እንዳትቀቢባት።

ሁለተኛው ውሃ ነው። በፈረቃ ስለሚመጣ ሁላችንም በባልዲና በበርሜል እናጠራቅማለን፤ ሕፃን ግን ባልዲ ይዛ ቆማ ወደ ውስጥ ስታጎነብስ በጭንቅላቷ ከተደፋች ራሷን ማውጣት አትችልም፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ እንኳ ያሰጥማታል። ዕቃው ሁሉ ክዳን ይኑረው፤ የመታጠቢያ ቤቱም በር ዝግ ይሁን። በረኪናና ላምባ በውሃ ሃይላንድ ተገልብጠው ወለል ላይ መቀመጣቸው ደግሞ እጅግ ያሳዝነኛል፤ ልጅ የምታውቀው ጠርሙሱን ነውና። ከጠጣች እንድታስመልስ አታስገድዷት፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ።

ሌላው ቀላል ነው። ፍራሹን ወለል ላይ አውርጂው፤ ጎትታ ማውረድ የምትችለውን የጠረጴዛ ልብስ አንሺ፤ ቡፌውንና ቴሌቪዥኑን ከግድግዳ ጋር አሳስሪ። የእኛ ሕንፃ ደረጃ የብረት መደገፊያው ክፍተት ሕፃን ያሳልፋል፤ እናንተ ጋም እንደዚያው ከሆነ የውጭው በር ለደቂቃም ክፍት አይሁን። ስታበስዪ ከኩሽናው በር ውጭ፣ እያየችሽ የምትጫወትበት ጥግ በሶፋና በትራስ ከልዪላት። ሴራሚክ ወለል ላይ ካልሲ ያንሸራትታታል፤ ባዶ እግሯን ትሁን፣ በጣቶቿ ቆንጥጣ መቆምን ትማራለች።

መልስ፦ ከሜሪላንድ

ስለ ዎከሩ ብቻ ልጨምር። እዚህ አሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ባለ ጎማ ዎከር እንዲታገድ ለረጅም ጊዜ ሲጠይቅ ቆይቷል፤ ካናዳ ደግሞ በ2004 እ.ኤ.አ. መሸጡንም ማስገባቱንም ከልክላለች። ሕፃን በዎከር ሆና በአንድ ሰከንድ ወደ አንድ ሜትር ያህል ልትሄድ ትችላለች፤ አጠገቧ የቆመ ሰው እንኳ አይደርስባትም። ደረጃ ላይ ይዟት ይወርዳል፤ ቁመቷንም ስለሚጨምርላት ቀድሞ የማትደርስበት ምድጃ ላይ እጇ ይደርሳል። ቶሎ ያስኬዳል የሚባለውም እውነት አይደለም፤ እንዲያውም ሊያዘገይ ይችላል። የባለቤትሽን እህት ስለ ስጦታዋ አመስግኛት፤ ጎማዎቹ የሚነቀሉ ከሆነም አውልቀሽ ባለበት የሚቆም መቀመጫ አድርጊው።

ጥያቄ፦ አዲስ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባልዲዎቹን ዛሬውኑ ከድኛለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ ጭንቅላቷን ከተመታች በኋላ እንቅልፍ ቢወስዳትስ? አማቴ ፈጽሞ እንዳትተኛ ይላሉ።

መልስ፦ የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ነርስ

የተለመደ የእንቅልፍ ሰዓቷ ከሆነና ከመተኛቷ በፊት እንደ ወትሮዋ ከነበረች ትተኛ። ልጅ ከብዙ ለቅሶ በኋላ ይደክማታል፤ በግድ ማንቃት ደግሞ ነጭናጫ ስለሚያደርጋት ምልክቱን ለመለየት ይበልጥ ያስቸግራል። በመሃል ጠጋ ብለው አተነፋፈሷንና የፊቷን ቀለም ይዩ፤ ጉንጯን ነካ ሲያደርጉ ፊቷን ካዞረች ወይም ከተቁነጠነጠች መልካም ነው። ያለ ሰዓቷ ድብን ብላ ከተኛች ወይም ሲቀሰቅሷት አልነቃ ካለች ግን እስኪነጋ አይጠብቁ። ክትትሉን ለ48 ሰዓት ያህል ይቀጥሉ፤ በእነዚያ ሁለት ቀናት ልጅቷን የሚይዝላችሁ ሌላ ሰው ካለም መቼና እንዴት እንደወደቀች ይንገሩት።