ቫኑን ከመግዛትህ በፊት ጣሪያውን ለካው

ከሊንከንያ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለዕቃ ማመላለሻ ሥራ ቫን ልገዛ ነው። ዓይኔን የጣልኩበት ፎርድ ትራንዚት ነው፣ ጣሪያው ረጅም የሆነው። ማታ ማታ ቤቴ በር ላይ፣ መንገድ ዳር ባሳድረው ችግር አለው? አድራሻዬ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። አንድ ጓደኛዬ «የድርጅት ስም ካልጻፍክበት ማንም አይነካህም» ብሎኛል። እውነት ነው?

ከስፕሪንግፊልድ፦

ወንድሜ፣ ቀብድ ካልከፈልክ እሰየው። እኔ ከከፈልኩ በኋላ ነው የነቃሁት።

መጀመሪያ የት እንደምትኖር እንወቅ። ሊንከንያ ያለ ሰው ፖስታው ላይ አሌክሳንድሪያ ቢባልም አብዛኛውን ጊዜ ነዋሪነቱ የፌርፋክስ ካውንቲ ነው። አሌክሳንድሪያ ከተማ ደግሞ ለብቻው የሚተዳደር ነው፣ የራሱ ሕግ አለው። ቤይሊስ ክሮስሮድስ ያሉት ወገኖችም እንዲሁ ናቸው፤ ፖስታቸው ፎልስ ቸርች ይላል፣ ካውንቲያቸው ግን ፌርፋክስ ነው። የመኪና ግብር ቢል ከማን እንደሚመጣልህ እይ። እሱ አይዋሽም።

ፌርፋክስ ከሆንክ፣ መኖሪያ ሰፈር ውስጥ የሕዝብ መንገድ ላይ የንግድ መኪና ማቆም ክልክል ነው። የንግድ መኪና የሚባለው የቱ ነው? ጓደኛህ ስለ ስም የነገረህን እርሳው። ከ21 ጫማ የሚረዝም፣ ከ8 ጫማ ከፍ የሚል፣ ወይም ክብደቱ 12,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ ይገባበታል። ምግብ የሚሸጥበት መኪናም፣ የሣር ማጨጃ የሚጎተትበት ተጎታችም እንደዚያው። ጭነትህ ከውጭ የሚታይ ከሆነም አለቀልህ። ታክሲ ነጂዎች ግን አትደንግጡ፣ ለአንድ ቤት አንድ ታክሲ ወይም ሊሞ ይፈቀዳል።

እኔ የገዛሁት ባለ መካከለኛ ጣሪያውን ነው። ሦስት ሳምንት በሰላም አደረ። አንድ ጠዋት ስወጣ የዝናብ መጥረጊያው ሥር ወረቀት ተሰክቷል። ቲኬት! ወዲያው ልቤ የሄደው ፊት ለፊት ወዳለው ሰውዬ ነው። ውሻውን ይዞ ሲያልፍ ሰላም አይልም። «ይሄ ነው የደወለብኝ» ብዬ ልሄድለት ስል ባለቤቴ እጄን ያዘችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ መጀመሪያ ወረቀቱን አንብበው» አለችኝ። አነበብኩት፣ የሚያወራው ስለ ቁመት ነው።

ያን ዕለት ማታ ሜትር አወጣን። እኔ የኩሽና በርጩማ ላይ ቆምኩ፣ እሷ በስልኳ መብራት ታበራልኛለች፣ ልጄ ታች ሆኖ ጫፉን መሬት ላይ ረግጦ ይዟል። 8 ጫማ ከ4 ኢንች! አራት ኢንች! ያውም ፖርቶ መጋላውን ሳንጨምር ነው፤ መሰላል የምጭንበት ብረት ራሱ ቁመቱ ውስጥ ይቆጠራል። የሚገርመው ርዝመቱም ክብደቱም ምንም አልነበረባቸው። አራት ዓመት ዲሲ ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና ሳቆም ኖሬ የራሴን የት እንደማቆም አላወቅኩም።

ማን እንደደወለ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰውዬውን ግን ሁለት ወር ሙሉ አኩርፌው ነበር፣ እሱ ምኑንም ሳያውቅ።

አንተ ያየኸው ባለ ረጅም ጣሪያ ከእኔም ይብሳል። ከረጅሙ አካል ጋር ከወሰድከው ደግሞ በርዝመትም 21ን ያልፋል። ባለ አጭር ጣሪያው 7 ጫማ እንኳ ስለማይሞላ መንገድ ላይ ቢያድር ችግር የለውም። ቅጣቱ ውስጡ ጎንበስ ብለህ መሥራትህ ነው። ወገብህን ጠይቀው።

ዕቃ ለማውረድ ወይም እዚያው ቤት ሥራ ለመሥራት ለጊዜው ብታቆም አይመለከትህም። ታውንሃውስ ውስጥ ከሆንክና መንገዱ የግል ከሆነ ደግሞ ከካውንቲው ሕግ በላይ የሰፈሩ ማኅበር ደንብ ነው የሚያሰጋህ። ፖሊስ ወረቀት ሰክቶልህ ይሄዳል፣ ማኅበሩ ግን ሌሊት መኪናህን አስጎትቶ ይወስደዋል። ቤቱን ስትከራይ የሰጡህን ያን ወፍራም ወረቀት አውጥተህ አንብበው። ማን ያነበዋል ብለህ ነው? እኔም አላነበብኩትም ነበር።

እኔ አሁን የአንድ ሀበሻ ጋራዥ ግቢ ውስጥ በወር 150 ዶላር እየከፈልኩ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ጠዋት በአሮጌዋ ኮሮላ እሄድና እቀይራለሁ። ያናድዳል፣ ግን እተኛለሁ።

ከብሮንክስ፦

እናንተስ ስለ ኢንች ታወራላችሁ። ኒው ዮርክ ከተማ መኖሪያ ሰፈር ከሆነ የንግድ መኪና ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 መንገድ ላይ አያድርም። በቃ። ሰዓቱን በሀበሻ ነው የጻፍኩት፣ ኋላ እንዳትሳሳቱ።

ከሊንከንያ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ቢሉን አየሁት፣ ፌርፋክስ ነኝ። ዛሬ ሻጩ ጋ ሜትር ይዤ ሄድኩ። ደንበኛ ጣሪያ ሲለካ አይቶ አያውቅም መሰለኝ፣ ሳቀብኝ። 9 ጫማ ከ2 ኢንች ሆነ። አጭሩንም ውስጡ ገብቼ አየሁት፣ ከወጣሁ በኋላም ጎብጬ ነው የሄድኩት። የጋራዡን ሰውዬ ስልክ በውስጥ መስመር ላክልኝማ።